የእማዬ ሶኬትና የምኒልክ ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ ዓባይ ማዶ፣ እማዬ ቤት፣ የስልክ ሶኬት ስቀይር ዋልኩ። ሶኬት ስላችሁ የመብራቱን እንዳይመስላችሁ። ሳሎን በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ በሁለት ብሎን የተያዘች፣ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የምትበልጥ ፕላስቲክ አለች። ዱሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን የሻይ ቀለም ይዛለች። ውጭ ካለው ምሰሶ የሚመጣው የስልክ ሽቦ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። የቤት ስልኩም፣ የዋይፋይ ሳጥኑም፣ ወደ መኝታ ቤት የተቀጠለው ሽቦም የሚነሱት ከሷ ነው። ዋናው ሶኬት ማለት ይቺ ናት።

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኩ ሽሽሽ ይላል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ዘንድሮ ሲመረኝ ክዳኗን ፈታሁት። ውስጧ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች በሁለት ብሎን ላይ ተጠምጥመዋል፤ ብሎኖቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። የጣና እርጥበት ለመዳብ አይራራም። ለካ ችግሩ ይኸው ነበር! ያን ሁሉ ጊዜ የዋይፋይ ሳጥኑን ሳጠፋና ሳበራ የከረምኩት በከንቱ ነው።

ይህን መስመር ለምን አናዘጋውም ብዬ እማዬን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ሁላችንም ሞባይል አለን፣ ኢንተርኔቱም ቢሆን በሲም ካርድ ይገኛል። አይሆንም ነው መልሷ። ምክንያቷን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ታናሽ ወንድሟ በመተማ በኩል ከአገር ሲወጣ በቃሉ የያዘው ቁጥር የዚህ ቤት ቁጥር ብቻ ነበር። ከሄደ ብዙ ዓመት ሆነው። ስለዚህ መስመሩ ይቆያል፣ ሒሳቡ በየወሩ ይከፈላል፣ እኔም ሶኬት እቀይራለሁ።

ከእናንተ መሃል የቤት ስልክ አንስቶ የማያውቅ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይሞታል፣ ተራው የቤት ስልክ ግን ይሠራል። ምክንያቱም ኃይሉን የሚያገኘው ከግድግዳው መብራት ሳይሆን ከስልክ ማዕከሉ ነው። 48 ቮልት ገደማ በዚያችው ቀጭን ሽቦ እየተጓዘ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ይህ ሲነኩት ብዙም አይሰማም። ስልኩ ሲጠራ የሚላከው ግን እስከ 90 ቮልት ይደርሳል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ብሎኑን ይዤ ሳለ እህቴ ከደብረ ማርቆስ፣ ተሠራ ወይ ልትል ደወለች። ነዘረኝ። እማዬ ሳቀች፣ እኔም ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ደግሞ ቃሉን አስቡት። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። እና ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለውን፣ አንድም ሽቦ ያልተያያዘበትን ነገር፣ አሁንም ሽቦ እያልን ነው የምንጠራው። ስሙን ከሽቦው ዘመን ወርሰነው ነው። ያን ዘመን የጀመሩልን ደግሞ አፄ ምኒልክ ናቸው።

ስለ ምኒልክ ያልተባለ ነገር ያለ አይመስልም። ፌስቡክ ላይ በየካቲት አንድ ሰሞን ሁሉም ታሪክ ጸሐፊ ይሆናል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ሽቦውን ተከትዬ ነው። በሽቦው በኩል ሲያዩት የሰውዬው ሕይወት ሌላ መልክ አለው።

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ልጁ ገና አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ልጁንም ይዘው ሄዱ። መቅደላ ላይ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ቴዎድሮስ ክፉ አላደረጉባቸውም፤ እንዲያውም ልጃቸውን አልጣሽን ድረውላቸዋል። ቢሆንም እስረኛ እስረኛ ነው። ከአባቱ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር፣ ሰው ይዞት የሚመጣ ወሬ ብቻ ነው፤ ያውም ስንት ጆሮ አልፎ፣ ስንት አፍ ቀይሮት። በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። በኋላ ዕድሜያቸው ሁሉ ከራቀ ሰው ጋር ያለ አማላጅ የመነጋገር ጉጉት የታየባቸው ከዚህ የተነሣ ይሆን እላለሁ። የኔ ግምት ነው፤ አልከራከርበትም።

እዚህ ላይ ለኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ጎጃም ለምኒልክ ያለው ትዝታ እንደ ሸዋ አይደለም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ተሸንፈዋል፣ ቆስለው ተማርከዋል። ምኒልክ ቁስላቸውን አሳክመው በክብር ያዟቸው፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ሁለቱንም ማወቅ ጥሩ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚጮህ ኮሜንት አይጠፋም።

ምኒልክ ዕቃ ይወዱ ነበር። ሰዓት፣ ጠመንጃ፣ መኪና፣ የሚሽከረከርና የሚፈታ ነገር ሁሉ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር መጣ። መጀመሪያ የታዘዘው ድልድይም ቤተ መንግሥትም አይደለም፤ ጫማ እንዲሠራ ነው ይባላል። መሐንዲስ ነኝ እንጂ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ብሎ አልኮራም፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ድልድዩም፣ የውሃ ቧንቧውም፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ አማካሪነቱ የመጣው። ኢልግ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከምኒልክ ጋር ሠርቷል።

የኤሌክትሪክ ወንበር ወሬውን ሰምታችሁታል፤ ምኒልክ ሰው የሚገደልበትን ወንበር ከአሜሪካ አዘው፣ መብራት ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የሚለውን። ማስረጃ ሳይቀርብለት ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ቀልድ ነው። የሚያናድደኝ ውሸትነቱ ብቻ አይደለም። ዕቃ ፈታትቶ ውስጡን ካላየ እንቅልፍ የማይወስደውን ሰው፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ የሚገዛ ሞኝ ማድረጉ ነው።

እንግዲህ ስልኩ። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ። በዚያ መሃል የአክስታቸውን ልጅ፣ ከሁሉም አብልጠው የሚያምኑትን ዘመዳቸውን፣ የሐረሩን ገዢ መኮንንን፣ ወደ ጣሊያን ልከዋቸው ነበር። መኮንን ከዚያ ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ዕቃዎች አንዱ ስልክ ነው። ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግምጃ ቤቱ ሽቦ ተዘረጋ። ርቀቱ ዛሬ ዋይፋይ የሚደርስበት ያህል ቢሆን ነው፤ ዋናው ግን ርቀቱ አይደለም። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ተሰማ።

ካህናቱ ደነገጡ። አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው፣ ይጥፋ አሉ። አትሳቁባቸው። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዛሬ የሚባለውን ብትሰሙ ብዙም አይለይም። ምኒልክም አልሳቁም፣ ግን አልሰሟቸውም። ስልኩ ቀረ።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስልኩን ያመጣው ያው መልእክተኛ የሄደው በውጫሌው ውል ጉዳይ ነበር። ያ ውል ደግሞ 17ኛ አንቀጹ ስለ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ትምህርት ቤት በቃላችን ያጠናነው የትርጉም ጉዳይ ነው፤ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ። ግን ፈቃዱም ግዴታውም በምን ላይ ነው? ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ በጣሊያን መንግሥት በኩል ስለማለፍ ነው። በአማርኛው፣ ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል መላክ ይችላሉ። በጣሊያንኛው፣ ያለ ጣሊያን ማነጋገር የለም። በኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ዋናው ሶኬት ሮም ላይ ተተክሎ የአዲስ አበባው ቅጥያ ይሁን ነው ነገሩ።

ምኒልክ ይህን ያወቁት በራሳቸው መስመር ሲሞክሩት ነው። ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ ወደፊት ጉዳይዎን በጣሊያን በኩል ያድርጉት የሚል መንፈስ ነበረው። አስቡት፤ ሰላም ላልከው ሰው ቴክስት ትልካለህ፣ እሱ ለጎረቤትህ ይመልስልሃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ሆነ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን የውጫሌን ሰርዛ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ተቀበለች። አድዋን በሁለት መስመር አለፈው አትበሉኝ፤ ስለሱ ሌላው ሰው በየዓመቱ ይጽፍላችኋል።

ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነው። የአገራችን ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከፈረንጆቹ 1894 ጀምሮ ነው፤ ሐረር የደረሰው ሽቦ ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው ግን ከአድዋ በኋላ ነው። ለምን ሐረር? አገሪቱ ከባሕር ጋር የምትገናኝበት በር በዚያ በኩል ስለነበረ። ጠመንጃውም፣ ነጋዴውም፣ የውጭ መልእክተኛውም የሚገባው በሐረር ነው። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው ወሬ አሁን በዚያው ቀን ደረሰ። እና ሐረር፣ የሽቦው ጫፍ ላይ፣ ራስ መኮንን አሉ። አንድ ንጉሥ ከሁሉ አብልጦ የሚያምነውን ሰው በስልክ ሲያገኝ ምን እንደተሰማው የጻፈ ሰው አላየሁም። ለምኒልክ ግን መንግሥት ማለት ከዚያ በፊት ጠዋት የተላከ መልእክተኛ እስኪመለስ መጠበቅ ነበር።

የድምፁ ነገር በዚህ አላበቃም። በፈረንጆቹ 1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በሰም ሲሊንደር ቀድታ ላከችላቸው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም ድምፃቸውን ቀድተው መልሱን ላኩ። የቪክቶሪያው ሰም በስምምነት ተደመሰሰ። የምኒልክና የጣይቱ ግን ዛሬም ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ከስምንት ዘጠኝ ዓመት በፊት አካሄዱ ሁሉ በጣሊያን በኩል ይሁን የተባለው ሰው፣ ንግሥቲቱን በገዛ ድምፁ፣ በገዛ ቋንቋው አነጋገራት። የዋትስአፕ ቮይስ ሜሴጅ ከላካችሁ፣ ከእናንተ በፊት የላከ አለ።

ሁሉም መስመር ግን አልቀናቸውም። የባቡሩን ፈቃድ ለኢልግና ለአጋሩ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚህ መሃል የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በእጁ ሲያስገባው ምኒልክ ተቆጡ፤ ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ። ከኛ ደጅ ደግሞ ሌላ አለ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል፣ በዓባይና በጣና ላይ ወንዙን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ ተስማምተዋል። 17ኛውን አንቀጽ ያልተቀበለ ሰው ይህን ለምን ፈረመ? በዚያው ውል የሱዳን ድንበር ተወስኗል፤ ለድንበሩ የተከፈለ ዋጋ ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃውን ሳይ አሁንም አይዋጥልኝም።

መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ አረፉ። በሽቦው ጫፍ የነበረው ሰው የለም። ምኒልክ እሳቸውን አልጋ ወራሽ ሊያደርጓቸው ያስቡ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ራሳቸው ምኒልክም መታመም ጀመሩ። ደብረ ሊባኖስ ወርደው ጠበል ተጠመቁ፣ የፈረንጅ ሐኪሞችም አዩአቸው። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ መታቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። አማላጅ አልፈልግም ብሎ ዕድሜውን የታገለ ሰው፣ ሽቦ ያዘረጋ፣ ድምፁን ባሕር ያሻገረ ሰው፣ ከአራት ዓመት በላይ ሳይናገር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተኛ። በስማቸው ሌሎች ተናገሩ። በመጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ፤ ንጉሡ እንዲህ ይላሉ እያሉ ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸውና ባላቸውን ብቻ ያስታምሙ አሏቸው። ከዚያ እንደራሴው ራስ ተሰማ፣ ከዚያ ልጅ ኢያሱ። በሩቅ ላለው ሕዝብ ምኒልክ በሕይወት አሉ፣ ይገዛሉ። ጆሯቸው ይስማ አይስማ፣ ልባቸው ይወቅ አይወቅ፣ በዙሪያቸው ያሉትም እርግጠኛ አልነበሩም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ ልቅሶ አልተጠራም። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በምስጢር ተቀመጡ። ሕዝቡ ግን በሹክሹክታ ሰማ፤ ወሬ እንደ ዱሮው ከአፍ ወደ ጆሮ ሄደ። ጣይቱ እንጦጦ ወጥተው ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው አረፉ። ሁለቱም ዛሬ አዲስ አበባ፣ በዓታ ይገኛሉ።

ወደ ሶኬቱ ልመለስ። ራሳችሁ ብትቀይሩ፣ መጀመሪያ ሳትፈቱት በሞባይላችሁ ፎቶ አንሡት፤ የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ትረሳላችሁ። ስልኩንም የዋይፋዩንም ገመድ ንቀሉ። ከምሰሶው እስከ ሶኬቱ ያለውን ሽቦ አትንኩ፣ እሱ የድርጅቱ ነው፤ የእናንተ ከሶኬቱ ወዲህ ያለው ነው። የዛገውን የሽቦ ጫፍ ቁረጡና አዲስ ጫፍ ላጡ፤ እኔ መጀመሪያ በቢላ ፍቄ ላስረው ሞክሬ ሽሽሽታው አልጠፋም። ብሎኑን አጥብቁ፣ ግን አታብዙት፤ ቀጭን መዳብ ይበጠሳል። ኢንተርኔት ካለው ማጣሪያዋን ሳጥን፣ ስፕሊተር የሚሏትን፣ ከስልኩ በፊት ማስገባት እንዳትረሱ። ሥራው እውነቱን ለመናገር የሃያ ደቂቃ ነው። እኔ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ግማሹ አዲሱን ሶኬት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ነው። ባለሱቆቹ ሁሉ የቻርጀር ነው? ይሉኛል።

አሮጌዋን ልጥል ስል እማዬ ተቀበለችኝና በጨርቅ ጠርጋ መሳቢያ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ እጀታውን አነሣች። አዲሱ ሶኬት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ሳይቋረጥ የሚያፏጨው፣ መስመር አለ የሚለው ድምፅ። ማንም ጋ አልደወለችም። ዝም ብላ ትንሽ አዳመጠችና ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።